ለጣቢያ የያዝኩት ስንቅ፦ ከመቱ እስከ ዳሪሙ

ዳሪሙን አይታችሁት ለማታውቁ፣ ምናልባትም መቼም ለማትሄዱ፣ ባለፈው ሳምንት ሄጄ የተመለስኩበትን መንገድ ቀን በቀን ልንገራችሁ። አስቀድሜ ግን ራሴን ላሳውቅ። ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ መቱ ገበያው ዳር ልብስ እሰፋለሁ። ሰው ጠርጣራ ናት ይለኛል፣ አልዋሸም። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደንበኛ «ኧረ ምንም አልወፈርኩም» ባለኝ ቁጥር ሜትሬን አንስቼ ወገቡን ስለካ የኖርኩ ሴት፣ እንዴት ብዬ ሰውን በቃሉ ልመን? ከመንገዴ በፊት በነበረው ሳምንት እንኳ ሁለት ሜትር ቀይ ገበር ከመደርደሪያዬ ጠፍቶ፣ ጎረቤቴን ብርቄን ጠርጥሬ ሰላምታ ነስቻት ነበር።

ሰኞ ከሰዓት ልጄ በረከት በስልክ መልእክት ላከልኝ። በረከት አንድ ልጄ ነው፤ ዳሪሙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ ያስተምራል። መልእክቱ ይኸውና፣ አሁንም አልደመሰስኩትም፦

«እማ፣ ቅዳሜ አልመጣም። የጣቢያው ነገር ገና አላለቀም። ስንቅ አድራሿ አራት ጊዜ ሄዳ አራቱንም ጊዜ ሳትደርስ ተመለሰች። ዓርብ ከዞን ሰዎች ይመጣሉ፣ ያኔ ይለይልናል። እስከዛ ለማንም እንዳትነግሪ። ደግሞ ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ያንን ገ»

እዚህ ላይ ተቆረጠ። ብደውል ያቺ የማትደክም ሴትዮ «ማግኘት አይችሉም» ትለኛለች፤ ደግሜ ብደውል ያንኑ። እኛ ዘንድ ጣቢያ ከተባለ ጣቢያ ነው፤ ፖሊስ የሚለውን ማንም አይጨምርበትም። ጣቢያና ስንቅ በአንድ መልእክት ውስጥ ከገቡማ የታሰረ ሰው አለ ማለት ነው። ልጄን አሰሩት ብዬ ከመኪናዬ ፊት መነሳት አቃተኝ። የስፌት መኪናዬን ማለቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ጎሬ

ዳሪሙ በአንድ በኩል፣ ጎሬ በሌላ በኩል ነው። ታዲያ ለምን ጎሬ ሄድሽ ብትሉኝ፣ «ለማንም እንዳትነግሪ» ተብያለሁ። መቱ ላይ ለአንድ ሰው ብተነፍስ ገበያው ሁሉ ይሰማዋል። ጎሬ ግን የሟቹ ባለቤቴ ጓደኛ ጋሽ ደምሴ አሉ፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበሩ፣ ጣቢያና ችሎት የሚያውቁ ሰው።

ሚኒባስ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠ ሰውዬ «ወዴት ነዎት እናቴ?» አለኝ።

«ለምን ፈለጉት?» አልኩት። ከዚያ በኋላ እስከ ጎሬ በመስኮት ሲያይ ሄደ። ምስኪን ሰው ይሆናል፤ ግን ማን ያውቃል?

ጎሬ ኮረብታ ላይ ናት፤ አየሯ ከእኛ ይለያል። መቱ በቀን ሹራብ የደረበ ሰው በሽተኛ ነው፣ ጎሬ ግን ሁሉም ደርቦ ነው የሚሄደው። ስለ አብያተ ክርስቲያኖቿና ስለ ድሮ ቤቶቿ እንዳወራላችሁ ትፈልጉ ይሆናል። አላየኋቸውም። እኔ ጎሬ ስገባ ሁልጊዜ የማየው አንድ ግቢ ብቻ ነው፤ ዛሬ መጋዘን ሆኗል። በዚያ ክፉ ዘመን ታላቅ ወንድሜ ታደሰ እዚያ ታስሮ ነበር። ስንቅ የማመላልሰው እኔ ነበርኩ፣ አሥራ ሦስት ዓመቴ ነው። ምሳ ዕቃው ባዶውን ሲመለስ እናቴ ደጅ ትቀበለኝና ክዳኑን ከፍታ «በልቷል» ትላለች። በልቷል ማለት አለ ማለት ነው። ወዲያው አጥባ ለነገ ታዘጋጀዋለች። አንድ ቀን ዘበኛው ምሳ ዕቃውን ሳይከፍት መለሰልኝ። «የለም» አለኝ። የት ሄደ ብዬ ብጠይቀው «የለም አልኩሽ እኮ!» አለኝ። እናቴ ክዳኑን ስትከፍት ወጡ እንዳለ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ያንን ምሳ ዕቃ ማንም አልበላበትም።

ስለዚህ «ሳትደርስ ተመለሰች» የሚለውን ሳነብ ምን እንደሆንኩ ይገባችኋል።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አድርገው መልእክቱን ሦስት ጊዜ አነበቡ። ባለቤታቸው እትዬ አስካለ ትኩስ ሾርባ አቀረበችልኝ።

«ስንቅ አድራሿ ይላል፤ ሴት ናት። ማን ናት?» አሉኝ።

«እኔ እንጃ ጋሼ! እኔም የቆረቆረኝ እሱ ነው። ልጄን የምታበላ ሴት አለች ማለት ነው፣ እኔ ሳላውቅ።»

«ተይው እሱን። ይኼ መጨረሻ ላይ ያለው ‹ገ› ምንድን ነው? ‹ያንን ገ...› ገመድ ይሆን?»

«ኧረ በማርያም ጋሼ፣ ገመድ አይበሉኝ!»

«እሺ፣ እሺ። ልጁ ከማን ጋር ይውላል? በስልኩ ምን ያያል?»

እኔም እውነቱን ነገርኳቸው። ለገና መቱ መጥቶ ሳለ በስልኩ ሮኬት አሳይቶኝ ነበር። እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ከሰማይ ይወርዳል፣ እሳት ከታቹ እየተፋ፣ እግሩን ዘርግቶ ቁጭ ይላል። «እማ፣ አንዴ ሄዶ የመጣ ነው፤ ደግሞ ይሄዳል» አለኝ። እኔ ደግሞ «ሞኝህን ፈልግ! ሲወጣ ቀርጸው ወደ ኋላ አጠንጥነውት ነው» አልኩት። ተቀየመኝ። «አንቺማ ፀሐይ ስትወጣም ማን እንዳስወጣት ትጠይቂያለሽ» ብሎኝ ወጣ።

ጋሽ ደምሴ መነጽራቸውን አወለቁ። «ሮኬት? በስልክ ስለ ሮኬት ያወራል? ጥሩዬ፣ በዚህ ዘመን? በቃ ተገኘ፤ የታሰረው በዚህ ነው!»

ምክር ፍለጋ ሄጄ ፍርሃት ጨምሬ መጣሁ። «ስንቅ ይዘሽ ሂጂ፣ ብዙ አትጠይቂ፣ አትጩሂ» ብለው ሸኙኝ። እትዬ አስካለ የራሷን ጋቢ አለበሰችኝ። ስትሰጠኝ ዓይኗ እንባ አቅርሮ ነበር፤ ምን አውቃ ነው ብዬ እሷንም ጠረጠርኩ።

ረቡዕ፣ ኖፓ

ጠዋት መቱ ቤቴ ገብቼ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና የጾም ሽሮ አዘጋጀሁ። ያንን የታደሰን ምሳ ዕቃ ከቁም ሳጥን ላይ አወረድኩት። ሌላ የለኝም አይደለም፤ እጄ ግን ወደ እሱ ሄደ። አጠብኩት፣ ሞላሁት፣ በሻሽ አሰርኩት።

ወደ ዳሪሙ የሚያልፈው የኖፓ መንገድ እንደ ጎሬው አይደለም። አቧራው እስከ ጥርስ ይገባል፣ ሲዘንብ ደግሞ ጭቃው ጫማ ያወልቃል፤ እኔ ሁለቱም ደረሰኝ። እኩል መንገድ ላይ ጎማ ፈነዳ። ሁላችንም ወረድን። ሾፌሩ «ሃያ ደቂቃ» አለ፤ ሰዓቴን ይዤ ቆጠርኩ፣ ከሁለት ሰዓት በላይ ፈጀ። ያን ጊዜ ሁሉ ምሳ ዕቃዬን ደረቴ ላይ አቅፌ ቆሜ ነበር። አንዲት ሴት ልያዝልዎ ብትለኝ «አይከብደኝም» አልኳት፤ ክንዴ ግን ሊገነጠል ደርሶ ነበር።

ኖፓ ትንሽ ናት፤ የመቱ አንድ ሰፈር ከእሷ ይሰፋል። ስደርስ ወደ ዳሪሙ የሚሄድ መኪና አልነበረም። አልጋ ቤት የጠየቅኳቸው ሁሉ ሞልቷል አሉኝ። አንዲት ባለሱቅ፣ እትዬ ከዲጃ የሚባሉ፣ ከመስኮታቸው አይተውኝ ጠሩኝ። «ነይ ግቢ፣ ውሽማ ያባረረሽ ይመስል ዝናብ ላይ ምን ያስቆምሻል?» አሉኝ፤ እያሾፉ ነው። ገባሁ። ማን ነሽ፣ ከየት ነሽ፣ ምን ይዘሻል አላሉኝም። እኔ የማያውቀኝን ሰው ስም ሳልጠይቅ መርፌ እንኳ አላውስም፤ እኚህ ሴትዮ ለምንድን ነው የማይጠይቁኝ? ነገር አለ አልኩ።

ከዚያ ወደ ጓዳ ገብተው ቆዩ። ሰርቀው ሊያዩኝ ነው ብዬ በበሩ ቀዳዳ አየሁ። ከሱቃቸው መደርደሪያ አዲስ ድስት አውርደው፣ ወረቀቱን ልጠው፣ ጎመን በዘይት እየሠሩልኝ ነው። ማተቤን አይተዋል፤ ረቡዕ መሆኑን አስታውሰዋል። «ድስቱ ምንም አልነካውም፣ ያንቺ ነው፣ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ» አሉኝ። እኔን! አፈርኩ። ጎመኑ ከእኔ ጎመን ይበልጥ ነበር፤ ይህን የምለው እዚህ ወረቀት ላይ ብቻ ነው።

ስበላ አንዲት የዳሪሙ ሴት ማር ልትሸጥ ገባች። እትዬ ከዲጃ በኦሮምኛ «መምህር በረከትን ታውቂዋለሽ?» አሏት፤ ሳላውቀው ከአፌ አምልጦ ስሙን ነግሬያቸዋለሁ። ሴትየዋ ሳቀችና «በረከት? ቡፈታ ጅራ!» አለች። ጣቢያ ነው ያለው ማለቷ ነው። «ተማሪዎቹም አብረውት ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ ከዚያ አይወጡም» ብላ ጨመረች።

ተማሪዎቹም! እሷ ደግሞ ትስቃለች! በሁለት ቋንቋ ያው ሆነ፤ ከእንግዲህ ምን ይጠረጠራል?

ሐሙስ፣ ዳሪሙ

በማለዳ በሞተር ሄድኩ። በዚህ ዕድሜዬ ሞተር ላይ! ባለሞተሩ በየመታጠፊያው «እትዬ፣ አንገቴን ይልቀቁኝ» ይለኛል። የቀረውን በእግር፣ በቡና ማሳ መካከል ወጣሁ። የእኛ ቡና ደጅ ደጁን ነው፤ የዳሪሙ ግን ጫካ ውስጥ ገብቶ ጠፍቷል፣ መንገዱም አብሮት። አንድ ጊዜ አዳልጦኝ በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ምሳ ዕቃውን ግን ወደ ላይ ይዤው ነበር፣ ጠብታ አልፈሰሰም።

በቀጥታ ፖሊስ ጣቢያ ሄድኩ። በሩ ላይ አንድ ሳጅን ወንበር ላይ ተቀምጦ ቁልፍ ይተክላል፤ ሸሚዙን አውልቆ። አሰፋፉ አላማረኝም።

«ስንቅ ይዤ ነው» አልኩ።

«ለማን እናቴ?»

«ለበረከት። ለልጄ።»

ወደ ውስጥ አየ፣ መዝገብ ገለጠ፣ ተመልሶ አየኝ። «የለም» አለኝ።

እግዚአብሔር ያሳያችሁ። ያው ቃል፣ ያው በር ላይ ያለ ሰው፣ ያው ምሳ ዕቃ እጄ ላይ። ጋሽ ደምሴ አትጩሂ ብለውኝ ነበር። ጮህኩ። «የት ሄደ! የት አደረጋችሁት! አትመልስልኝ፣ ሙሉውን አልቀበልም! ክፈተው፣ ይብላ!» እያልኩ ምሳ ዕቃውን እጁ ላይ ጫንኩት። ሳጅኑ ሸሚዙን ትቶ ደገፈኝ፣ የራሱን ወንበር ሰጠኝ፣ ውሃ አመጣልኝ።

«እናቴ፣ ቀስ ይበሉ። የታሰረ ሰው የለም ማለቴ ነው እንጂ... በረከት የቱ? መምህሩ?»

«አዎ፣ መምህሩ!»

«ውይ! እሱማ ትምህርት ቤት ነው። ጣቢያ እየሠራ!»

«ምን ጣቢያ?»

«እኔም በደንብ አልገባኝም። ሰማይ ላይ ያለ ጣቢያ ነው አሉ። እኛን እንኳ መጥቶ ‹የእናንተ ስም ተወስዷል› ብሎ አሾፈብን።»

አላመንኩትም። ፖሊስ ሲያረጋጋ ነው የሚያስፈራኝ። ሳጅኑ ግን፣ ስሙ ገመቹ ነው፣ ሸሚዙን በአንድ ቁልፍ ለብሶ፣ ምሳ ዕቃዬን ተሸክሞ ትምህርት ቤቱ ድረስ አደረሰኝ።

በረከት ሜዳው መሀል ቆሟል፤ ከአናቱ እስከ ጫማው ውሃ ነው። እጁ ላይ የሳይክል መንፊያ ይዟል። ሳየው መሳም ሲገባኝ በጥፊ አልኩት። ከዚያ ሳምኩት።

«እማ! ምን ሆነሽ መጣሽ?»

«ምን ሆንኩ? ጣቢያ ነኝ አላልክም? ስንቅ አልደረሰም አላልክም?»

መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ምሳ ዕቃውን በሳጅኑ እጅ አየው፤ የማን እንደሆነ ያውቃል፣ ከልጅነቱ ጀምሮ ነግሬዋለሁ። ሳቁ ጠፋ። «ይቅርታ እማ። ይቅርታ» አለኝ፣ ደጋግሞ። ስልክ የጠፋው የኔትወርኩ ማማ መብራት አጥቶ ነው፤ መልእክቱንም ኮረብታ ወጥቶ ነው የላከው፣ ቀሪው ሳይወጣ ቀርቷል።

ከዚያ አስረዳኝ። ከምድር በላይ ሰው የሚኖርበት ጣቢያ አለ፤ በቀን አሥራ ስድስት ጊዜ ምድርን ይዞራል። እዚያ ያሉት ሰዎች ምግባቸውም፣ ውሃቸውም ከዚህ ነው የሚላክላቸው። «ድሮ ሮኬቱ አንዴ ሄዶ ባሕር ውስጥ ይቀር ነበር። አሁን የታችኛው ክፍል መንኮራኩሯን ገፍቶ ያወጣትና ራሱ ቆሞ ይመለሳል፣ ያኔ ያሳየሁሽ እሱ ነው። መንኮራኩሯ ደግሞ ጣቢያው ድረስ ሄዳ ስንቋን ታራግፍና በጃንጥላ ትወርዳለች። ሁለቱም ተፈትሸው እንደገና ይላካሉ።»

«ስንቅ አድራሿ እሷ ናት?»

«እሷ ናት።»

እነሱ የሠሯት ስንቅ አድራሽ ጣሳ ናት። የቲማቲም ድልህ ጣሳ። እኔ ደግሞ ምራቴን ልተዋወቅ ተዘጋጅቼ ነበር።

የእነሱ ሮኬት የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ግማሹን ውሃ ይሞሉትና በመንፊያ አየር ያጭቁታል፤ ሲለቁት ውሃው ወደ ኋላ ተፈናጥሮ ጠርሙሱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ከመሬት እስከ ውሃ ታንከሩ ማማ ገመድ ተወጥሯል፤ ጠርሙሱ ጣሳዋን ተሸክሞ፣ በእስክሪብቶ ቀፎ በገመዱ ላይ ተሰክቶ ይወጣል። ጣቢያው ማማው ላይ ነው፤ እዚያ ጫልቱ የምትባል ተማሪ ተቀምጣ ስንቅ ትጠብቃለች። አራት ጊዜ ልከው አራት ጊዜ ከእኩል መንገድ ተመልሷል። በረከት «ግፊቱ አነሰ» ይላል፣ ይነፋል፣ ይረጥባል። ዓርብ የዞን ሰዎች ካዩት በኋላ ለትምህርት ቤቱ ቤተ ሙከራ ሊፈቅዱ ይችላሉ፤ ካልተሳካ ግን ልጆቹ መሳቂያ ናቸው፤ ለማንም እንዳትነግሪ ያለኝ ለዚህ ነው።

እኔ ግፊት አላውቅም። ገመዱን ግን በእጄ ዳበስኩት፤ ጨርቅም ክርም ሳልዳብስ አላምንም። እኩሌታው ላይ ቋጠሮ አለ። ሁለት ገመድ ቀጥለው ቋጥረዋል።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«ቋጠሮ ነው፤ ቀፎው ያልፈዋል እማ፣ ለክቻለሁ።»

«ቆሞ ሲለካ ያልፋል። ሲሮጥስ? ልብስ ሰፊ ገጽ ላይ ቋጠሮ ይተዋል እንዴ!»

ቋጠሮውን ፈታሁት። ሁለቱን ጫፍ አሳስቼ ጎን ለጎን አስተኛኋቸው፣ በሰም በታሸ ክር አጥብቄ ጠምጥሜ ሰፋሁት፣ እስኪለሰልስ አሸሁት። ያን ስጨርስ ዓይኔ ጣሳዋ ላይ ታጥፎ የተቀመጠው ጃንጥላ ላይ አረፈ። ቀይ። ሁለት ሜትር የሚሆን።

«በረከት።»

«...እሱን ነበር መልእክቱ ላይ ልነግርሽ የነበረው። ያንን ገበር፣ ባለፈው ስመጣ የወሰድኩትን።»

ብርቄ ታወሰችኝ፤ በከንቱ ነው ሰላምታ የነሳኋት። ጠርዙን እንኳ አልዘመዘሙትም፣ እየተተረተረ ነው። ምን ላድርግ? ቁጭ ብዬ ዘመዘምኩት።

ዓርብ፣ ዳሪሙ

የዞን ሰዎች ሦስት ነበሩ፤ ዘግይተው መጡ፣ አንደኛው ገና ሳይጀመር ሰዓቱን ያያል። እሱን ከዓይኔ አላወጣሁትም። ሳጅን ገመቹም ቁልፉን በደንብ ተክሎ መጥቷል።

ልጆቹ ጣሳዋ ውስጥ የእኔን ዳቦ ቆሎ ሞሉ። በረከት ነፋ፣ ነፋ፣ ለቀቀ። ውሃው ሰዓት የሚያየውን ሰውዬ ፊት መታው፣ ጠርሙሱ እየፏጨ ወጣ፤ ቋጠሮው የነበረበት ቦታ ሲደርስ ትንፋሼን ያዝኩ። አለፈ! ማማው ላይ ደረሰ። ጫልቱ ጣሳዋን ፈታ ወሰደች፤ ጠርሙሱ በገመዱ ተንሸራቶ ተመልሶ በረከት እግር ስር ጆንያው ላይ አረፈ። ያን በዓይኔ አየሁ፤ ወደ ኋላ ያጠነጠነው የለም።

ጫልቱ ጀርባዋን ሰጥታን ቆየች። ከዚያ ጣሳዋን ለቀቀቻት። ቀዩ ገበር ተነፋ፣ ዝምዝማቱ ያዘ፣ ቀስ እያለ እያዘነበለ ወረደ። ሰው ሁሉ ያጨበጭባል። እኔ ግን ሮጥኩ፣ በቆሰለ ጉልበቴ። ከባለሥልጣኖቹም፣ ከበረከትም ቀድሜ ደረስኩ። ክዳኑን ከፈትኩ።

ፍርፋሪ ብቻ።

«በልታዋለች! ባዶ ነው!» ብዬ ጮህኩ። ባለሥልጣኖቹ ተያዩ፤ ሴትዮዋ ምን ነካት ሳይሉኝ አይቀሩም። በረከት ግን መጥቶ እጄን ያዘኝ። ጣሳዋን በውሃ አለቀለቅኩና ለልጆቹ ሰጠኋቸው።

«በሉ ሙሏት፣ ደግማ ትሂድ» አልኳቸው።

ደግማ ሄደች። ሰዓት የሚያየው ሰውዬ ረጥቦም እስከ መጨረሻው ቆየ።

ቅዳሜ፣ ወደ መቱ

ስመለስ ለእትዬ ከዲጃ በሰጡኝ አዲስ ድስት የዳሪሙ ማር ሞልቼ አደረስኩላቸው። ማታውኑ ብርቄ ቤት ሄጄ እግሯ ላይ እንደምወድቅ እያሰብኩ ከኖፓ ሚኒባስ ተሳፈርኩ። ምሳ ዕቃው ጭኔ ላይ ነው፤ ሲነቃነቅ ይንኳኳል። በረከት እስከ ጥግ ጠርጎ በልቶታል።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ምሳ ዕቃውን አየች፣ ሻሹን አየች፣ ጉልበቴ ላይ ያለውን ጭቃ አየች። ድምጿን ዝቅ አድርጋ «እናቴ፣ ጣቢያ ሰው አለዎት እንዴ?» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ለምን ፈለግሽው እላት ነበር።

«አዎ ልጄ፣ ጣቢያ ሰው አለኝ» አልኳት። «በልቶ ባዶውን መልሶልኛል።»